በኀዘን ቤት የፈሰሰ ደም ሲጸዳ



ሰው በአደጋ ወይም በሕመም ደሙ ፈስሶ ቤቱ ሲሞት፣ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ወለሉን የሚያጥበው ማነው? ድንኳን ተካዩ ይታወቃል፣ ንፍሮ ቀቃይዋም ትታወቃለች። ደሙን ግን እናቶቻችንና እኅቶቻችን በባዶ እጃቸው ነው የሚያጥቡት።

ይህ ሥራ በአሜሪካን አገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እየተከፈላቸው የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የመንግሥት ደንብ አሠሪው ለሠራተኛው ጓንትና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በነፃ እንዲያቀርብ ያዛል። ምክንያት አለው፤ ይህን የጉበት በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ደሙ ከደረቀ በኋላም ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። እኛ ዘንድ ሥራው የጎረቤት ነውና ጥንቃቄውም የእኛው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞቱ የአደጋ ከሆነ ፖሊስ ሳይፈቅድ ምንም ነገር አይነካ። ከዚያ ወፍራም የላስቲክ ጓንትና ሽፍን ጫማ አድርጎ ደሙን በጨርቅ መምጠጥ፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥሮ ማስወገድ ነው። 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ ቦታውን ማራስ፣ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ቀጥሎ በሳሙና ማጠብ። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ግን መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ክልክል ነው። ደም የጠጣ ፍራሽ አይታጠብም፤ ይወገዳል።

ስለዚህ በእድሩ ዕቃ ቤት ከድስቱና ከወንበሩ ጎን ጓንትና በረኪና ይቀመጥ እላለሁ። ሙታንን በክብር ስንሸኝ፣ የሚያጥቡልንንም እንጠብቅ።