አምባዛ በጀማ ሸለቆ

ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ጀማንና ወንጪትን በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ግን ውሃው ይሳሳል፣ ከዳር ኩሬዎች ተነጥለው ይቀራሉ። አምባዛ የተባለው ዓሣ ይህን እንዴት ይችለዋል? ከስንጥቡ በላይ አየር የሚቀበል ልዩ አካል አለው። ውሃው ኦክስጅን ሲያጣ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፤ ቆዳው እስከረጠበ ድረስም ከውሃ ውጭ ለሰዓታት ይቆያል።

የውሃን ሙላት ተከትሎ የሚራባ ሌላ ዓሣም አለ፤ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ግሩኒየን የተባለው ዓሣ እንቁላል በአሸዋ ተቀብሮ ባሕሩ ዳግም እስኪሞላ 2 ሳምንት ያህል ይጠብቃል። አምባዛ ግን ይቸኩላል፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። ክረምት ሲገባ ሴቷ ሙላቱ በሸፈነው ሣር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጣባቂ እንቁላሎች ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ይረጭባቸዋል። ውሃው ሞቅ ካለ በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ዳርቻው ሳይደርቅ ወደ ዋናው ወንዝ መድረስ አለባቸው።