የገበያውን መንገድ ማሳየት
(ለንግድ ሥራ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው)



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግና ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ልጆቻችንን ይመለከታል። በየቤታችን ከእነዚህ አንዱን የሚማር አይጠፋም። ተመርቆ፣ የጋዋን ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሥራ ሳያገኝ ዓመት የሞላውም አይጠፋም።

ይህን ወጣት ምነው ሥራ አጣህ ብለን ብንጠይቀው መልሱ አንድ ነው። «ዘመድ የለኝም» ይለናል። እናቱም ይህንኑ ትላለች። እኛ አባባሉ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ ነው አንልም። ነገር ግን ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ደባልቆ ይዟል። አንደኛው ችሎታ የሌለውን ሰው በዝምድና ቦታ ማስያዝ ነው፤ ይህ የሌላውን ሰው ሐቅ መብላት ነውና ማንም በሐላል ስም ሊጠራው አይችልም። ሁለተኛው ግን ሥራ የሚችል ሰው መኖሩን ሠራተኛ ለሚፈልግ ሰው ማሳወቅ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሳናደርገው ስንቀር ነው የሚያስወቅሰን።

ሙሃጂሮች መዲና በገቡ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የደረሷቸው ወንድም ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ነበሩ (አላህ የሁለቱንም ሥራ ይውደድላቸው)። ሰዕድ ባለሀብት ነበሩና ንብረታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አደረጉላቸውና ገበያው በየት በኩል እንደሆነ እንዲያመለክቷቸው ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው። ከዚያም ጥቂት የደረቀ እርጎና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ። ኋላ ላይ ከሶሓቦች መካከል እጅግ ባለጸጋ ከነበሩት አንዱ ሆኑ።

ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሰዕድ ለጋስነትና ስለ ዐብዱረሕማን ኩሩነት ሲነገር ነው። ዛሬ እኛ ሌላውን ጎኑን ልናየው ወደድን። ዐብዱረሕማን ድሮውንም ነጋዴ ነበሩ፤ ንግድ የሚያስተምራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። ልጆቻችንም ከዩኒቨርሲቲ ሲወጡ ሁኔታቸው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና አልፈዋል፤ ሒሳብ መዝጋት ያውቃሉ። ገበያው በየት በኩል እንደሆነ ግን ያሳያቸው ሰው የለም።

ትውውቅ ሲቪ ይዞ በየቢሮው መዞር ሲመጣ የሚጀመር ነገር አይደለም። ያኔ የሚመጣን ሰው ማንም እንደ ተማላጅ ነው የሚያየው። ተማሪው ደግሞ ሳያስበው በሰዎች ፊት የሚቀርብበት ጊዜ አለው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወደ ባንክ፣ ወደ አስመጪ ድርጅት፣ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። መጠይቅ ይበትናል፣ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያ ቢሮ በር ላይ የሚያቆመው ጥበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? መጠይቁን ሰብስቦ ይጠፋል! እነዚያ ሰዎች የጊዜያቸውን ውጤት አያዩትም። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ ሲያልቅ ያገኘውን ነገር በአንድ ገጽ አሳጥሮ፣ በሚገባ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ጽፎ፣ ተመልሶ ያስረክባቸው፤ ያመስግናቸው። ሥራ እንዲሰጡት በዚያን ቀን አይጠይቅ። የሚከተለው ዓመት ላይ ያ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ሲፈልግ ያንን ወረቀት ይዞ የመጣውን ልጅ የሚያስታውስ ሰው ይኖራል። ወደ ተግባር ልምምድ ለሚወጡትም ይኸው ነው። ብዙዎች ፊርማ ለማስሞላት ብቻ ይሄዳሉ። ፋይል እንዲደረድር የታዘዘ ተማሪ በቅሬታ ከመቀመጥ ይልቅ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቢያነብ አንድ ድርጅት እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ወር ይገባዋል።

ከወላጆች በኩል ደግሞ አንድ የሚገርመን ነገር አለ። አባት መርካቶ ውስጥ ሱቅ አለው። አጎት ጨርቅ ያከፋፍላል፤ የአጎት ጓደኛ ብረታ ብረት ያስመጣል። ልጁን ግን «አንተ ተማር፣ እዚህ አትልከስከስ» ብለው ያባርሩታል። ለክብሩ አስበው ነው። ሆኖም የሱቁን ዕቃ በዓመት መጨረሻ የቆጠረ፣ የተዘበራረቀውን የዱቤ መዝገብ አስተካክሎ ማን ምን ያህል እንደሚፈለግበት በወረቀት ያወጣ ተማሪ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው የራሱ ሥራ አለው። ከዚያም በላይ የአባቱ ደንበኞችና ዕቃ አቅራቢዎች በስሙ ያውቁታል። ሰዕድ ያሳዩት ገበያ እኛ ቤት በር ላይ እያለ ልጁን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ እንልከዋለን።

ጉዳዩ ባንክን ሲነካ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ቀደም ሲል ከወለድ ለመራቅ የሚጠነቀቅ የአካውንቲንግ ተማሪ የባንክን በር ዘግቶ ነበር የሚመረቀው። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የሚያስችል መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ለሆኑ ባንኮች ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም በዚያው ዓመት ተከተለ። በዚህ ስንደሰት ብዙ ተማሪዎች የዘነጉት ነገር አለ። እነዚህ ባንኮች ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ማንንም አይቀጥሩም፣ ሊቀጥሩም አይገባም። ሙራበሐን እንውሰድ። ባንኩ ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ ራሱ ገዝቶ፣ ዋጋውንና ትርፉን ገልጾ ለደንበኛው ይሸጣል። እንግዲህ እዚያ የሚሠራው ሰው የዕቃ ዋጋ ማወቅ፣ የአቅራቢውን ደረሰኝ ማንበብ፣ ዕቃው ባንኩ እጅ ሳይገባ እንዳይሸጥ መጠንቀቅ አለበት። በአባቱ ሱቅ ዕቃ የቆጠረው ልጅ ከማንም የተሻለ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በባሕሬን የሚገኘው አዩፊ የተባለው ተቋም ለዚህ ዘርፍ የሒሳብና የሸሪዓ መስፈርቶችን ያወጣል። ስሙን እንኳ ሳይሰሙ ለሥራ የሚያመለክቱ አሉ። በመደበኛ ባንኮች ተቀጥሮ ስለመሥራት ብይን የሚፈልግ ዑለማዎችን ይጠይቅ፤ እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም።

ስለ ሴት ልጆቻችን ሳንናገር ብናልፍ ፍትሕ ማጉደል ይሆንብናል። አባት ሴት ልጁን አምኖ ሐዋሳ ወይም ጅማ ድረስ ይልካታል፤ አራት ዓመት ያስተምራታል። ከዚያ ለሦስት ሰዓት የሥራ ዐውደ ርዕይ እንዳትሄድ ይከለክላታል። ይህ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው? ዐውደ ርዕዩ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ነው፤ ከእህቷ ወይም ከጓደኞቿ ጋር ትሂድ። ቀድመዋት ተመርቀው የሚሠሩ ሙስሊም እህቶችን ቤት ጋብዛ ታነጋግር። እናቶችም በመድረሳም ሆነ በሰርግ ስትገናኙ የልጆቻችሁን ሥራ አንሡ። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነጋዴ ነበሩ፤ ሸቀጣቸውን ይዞ ሻም የሚሄድላቸውን ሰው የመረጡት ስለ ታማኝነቱ ሰምተው መሆኑን አንርሳ።

ታማኝነትን ካነሣን፣ በገበያችን ውስጥ የተለመደ አንድ በሽታ አለ። «ልጄ ልምድ ተጠየቀ» ሲባል፣ አንድ ነጋዴ ወንድማችን ለቸርነት ብሎ ልጁ ሁለት ዓመት እንደሠራለት የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ይሰጣል። ልጁ አንድ ቀን አልሠራለትም። ይህ እርዳታ ሳይሆን የሐሰት ምስክርነት ነው። እውነት የሠራውን የሁለት ወር ሥራ ብቻ የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡት፤ «0 ዓመት ልምድ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም አሉና። በቴሌግራም ለምዝገባ ገንዘብ ክፈሉ የሚሏችሁን ግን ተዉአቸው።

በመጨረሻ ስለ ዋስ። ልጁ ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ሲል ዋስ አምጣ ይባላል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ዋስ ቋሚ ደሞዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው ነው። ከነጋዴ ቤት የወጣ ልጅ እዚህ ላይ ይቸገራል። ዘመዶቹ ሁሉ በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ሀብት አለ፣ የደሞዝ ደብዳቤ ግን የለም። የተሰጠው ቀን ያልፍና ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ስለዚህ ቤተሰብ ልጁ ገና ሳይመረቅ ማን ዋስ ሊሆነው እንደሚችል ይነጋገር። በየመስጊዱ ጀማዓ ያላችሁ የመንግሥትና የባንክ ሠራተኞች የምታውቁትን ልጅ አትሽሹት፤ የማታውቁትን ግን ይሉኝታ ይዟችሁ አትፈርሙለት። ስትፈርሙ የተጠያቂነታችሁ የገንዘብ ልክ ወረቀቱ ላይ መጻፉን አይታችሁ ቅጂ ያዙ። ልጁም መሥሪያ ቤት ሲቀይር የመልቀቂያ ወረቀቱን በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ዋሱን ያስፈታበትን ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ያስረክባቸው።