ጭነት የማይወርድለት ገላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ሩቅ አገር ሲሄድ፥ ማታ ከሰፈረበት ጭነቱን ያወርዳል። በቅሎይቱን ገጣባ የሚያወጣባት የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ጭነቱ ሳይወርድላት ማደሩ ነው እንጂ። የሰውም ገላ እንዲሁ ነው።

እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ከአደጋ የሚያመልጥበትን ኃይል በሥጋው ውስጥ አኖረለት። ሰው በደነገጠ ጊዜ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ወደ ደሙ ይሰዳሉ፤ ልቡ ይፈጥናል፥ በደሙ ውስጥ ስኳር ይበዛል፥ ሆዱም ምግብ መፍጨቱን ያዘገያል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሽሽት መልካም ስንቅ ነው። ፍርሃቱ ወርና ዓመት ሲሰነብት ግን ያው ስንቅ ጭነት ይሆናል፤ የደም ግፊት ይነሣል፥ እንቅልፍ ይሸሻል፥ አእምሮ ይዝላል፥ በሽታን የሚከላከለውም ኃይል ይላላል። ሐንስ ሰልዬ የተባሉት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ልዩ ልዩ ሥቃይ የደረሰባቸውን አይጦች መርምረው፥ እነዚሁ ዕጢዎች አብጠው፥ ጨጓራቸውም ቆስሎ እንዳገኙት ጽፈዋል።

ይህ ነገር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለምንኖር የሩቅ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፥ በቡለን ወረዳ፥ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ የመተከል ሕዝብም ወደ ቻግኒ ተሰደደ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የገቡ ስደተኞች በአሶሳ አካባቢ ተጠልለዋል። ከሞት ያመለጠ ሁሉ ግን ከፍርሃቱ አላመለጠም።

ከመተከል ወጥታ አሶሳ በዘመድ ቤት የተጠጋች አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ፥ «አባቴ፥ ደጅ በተንኳኳ ቍጥር ልቤ ይመታል፤ ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋለሁ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፥ እምነትሽ ስለ ጐደለ ነው፤ ጾም ጨምሪ» አልኋት። ከሳምንት በኋላ በጸሎት መካከል ወደቀች። የደሟ ግፊት ቢለካ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። እርስዋ አልበደለችም፤ በጭነቷ ላይ ጭነት የጨመርሁ እኔ ነበርሁ።

ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ፥ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ፥ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም። እንጐቻና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። በኮሬብ ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ተግሣጹን አስቀድሜ እንጀራውን ረሳሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፤ እንቅልፍ ያጣውን ጎረቤታችሁን እምነት እንደ ጐደለው አትቍጠሩት። ቤት አስገቡት፤ ቡና አፍሉለት፤ ያየውን ሲናገር ሳታቋርጡ ስሙት፤ ብቻውንም አታሳድሩት። ጸሎቱንና ጸበሉን ሳይተው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የንስሓ አባቱም የደከመውን ጾም ያቅልልለት። ዘሩንና ሃይማኖቱን አትጠይቁ፤ ሲደነግጥ የጉሙዙም፥ የሺናሻውም፥ የበርታውም፥ የአማራውም፥ የኦሮሞውም፥ የሱዳኑም ስደተኛ ልብ አመታቱ አንድ ነውና።

ለደከመው ዕረፍትን የሚሰጥ አምላክ ለአገራችን ሰላምን፥ ለሌሊታችንም እንቅልፍን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።