የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ለአይሻ ምን ይጠቅማል?

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት የዘንድሮውን ፈተና ካለፍሁ በዩኒቨርሲቲ ልማረው የማስበው ትምህርት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ፈተናው ቀላል እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ሆኖም ከፈተናው ይልቅ የሚያስቸግረኝ የዘመዶቼ ሳቅ ነው። አሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ «እንግዲህ ሹም ልትሆን ነዋ!» ይሉኛል። ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ ተረት አለ፤ ብዙ ሰውም ሹመትን የሚያውቀው በዚህ ተረት ነው።

ለመሆኑ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ምንድን ነው? የመንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚቈጠር፣ ሠራተኛ በምን መመዘኛ እንደሚቀጠርና እንደሚያድግ፣ የወጣ ሕግ እስከ ቀበሌ ድረስ እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውል የሚያስተምር ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህራችን «ሚኒስትር» የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ «አገልጋይ» ማለት እንደ ሆነ አስተምረውናል። በአገራችን ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በክልላችንም የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እንግዲህ ትምህርቱን የሚሻ ሰው በር አልተዘጋበትም።

ከተማችን አይሻ የባቡር ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ይህን በረሓ አቋርጦ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በአገራችን ያልፋል። ባቡር የሚሄደው ግን በነጂው ጉብዝና ብቻ አይደለም። ሐዲድ የሚጠግነው፣ ምልክት የሚያሳየው፣ ዕቃ የሚመዘግበው ሁሉ ሥራውን በሰዓቱ ሊሠራ ይገባዋል። መንግሥትም እንዲሁ ነው። የአንድ ጕድጓድ የውሃ መሳቢያ ቢሰበርና መለወጫው ዕቃ በከተማ መጋዘን ቢኖር፣ የመጠየቂያው ደብዳቤ ግን ፊርማ አጥቶ በጠረጴዛ ላይ ቢያድር፣ ግመሉና ፍየሉ የሚጠማው በዕቃ ማጣት ሳይሆን በአስተዳደር ጉድለት ነው። ሐኪምም ቢሆን ምንም ቢማር የመድኃኒቱ ግዢ በጊዜው ካልተፈጸመ በሽተኛውን ባዶ እጁን ይሸኘዋል። ስለዚህ «ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሁን» ለሚሉኝ ወላጆቼ የምመልሰው ይህን ነው፦ እነርሱም ሥራቸውን እንዲሠሩ መንገድ የሚያቃና ሰው ያስፈልጋል።

የአጎቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ የዚህ ትምህርት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ስለ ትምህርቱ ብዙ ጠይቄው ነበር። እርሱ እንደ ነገረኝ ብዙ ተማሪዎች ትምህርቱ የንግግር ትምህርት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የሒሳብ መዝገብ፣ የስታቲስቲክስና የሕግ ትምህርት ሲመጣባቸው ሌሊቱን በንባብ ያሳልፉታል። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆኑም የትናንሽ ከተማ ልጆች እጥፍ ይደክማሉ። ለልምምድ ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት በተላከ ጊዜ የታዘዘው ሥራ ባለጉዳይ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር መመዝገብ ነበር። አምስት ጠረጴዛ ሆኖ ተገኘ፤ ከአምስቱ ሁለቱ ማኅተም አይተው ከማሳለፍ በቀር ምንም አይጨምሩም ነበር። «ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ናቸው» አለኝ።

በእኛው ክልል የሚታወስ አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሣ። አቶ ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። የወላይታ ገዥ ሆነው በተሾሙ ጊዜ ያልታረሰ መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች ቢሰጡ ባለርስቶች ስለ ከሰሷቸው ከዚያ ተነሥተው የጅግጅጋ ገዥ ሆነው ተላኩ። በጅግጅጋም ለአርብቶ አደሩ ትምህርት ቤት፣ ሕክምናና የውሃ ጕድጓድ ሊያስገኙ አሰቡ፤ ነገር ግን ከማዕከል የጠበቁትን ድጋፍ አላገኙም። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። ሙከራው አልተሳካም፤ የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ፤ እርሳቸውም ሞቱ። ሚኒስትሮችና መኳንንት የተገደሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተማረ ሰው ወደ ሩቅ አውራጃ ቢላክ ዓይኑን ከፍቶ ሕዝቡ የጐደለውን ማየት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ ሰው በጎ አሳብ በበጀትና በሕግ ካልተተከለ ሰውየው ሲዛወር አብሮ እንደሚዛወር፣ በጠመንጃም እንደማይጸና ነው።

ይህን የአገራችን ሽማግሌዎች ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር ያውቁት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኢሳ ሶማሌ ባህላዊ ሕግ «ሔር ኢሴ» ከዛፍ ጥላ ሥር በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በዚህ ሕግ ኡጋሱ የተከበረ ቢሆንም ከሕጉ በላይ አይደለም፤ ነገሩን የሚመክሩበት 44 የጉባኤ አባሎች አሉ። ኡጋሱ ቢያልፍ ሕጉ አያልፍም። በመጽሐፍ የምንማረውን ለመረዳት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ውድ ጓደኞቼ፣ ከእኛ መካከል ይህን ትምህርት የሚማር ቢኖር ተምሮ በአዲስ አበባ ብቻ እንዳይቀር እለምነዋለሁ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ግዴታ ባይኖርብንም ፈቃድ አለን። ክቡራን ወላጆችም፣ ልጃችሁ ሹመት ባገኘ ጊዜ ምን እንዳመጣላችሁ ሳይሆን ምን እንደ ሠራ ጠይቁት፤ ያ የቆየ ተረት የሚሞተው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በቤታችን ነውና።

በሶማልኛ ዕውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው ይባላል። እኔም በበኩሌ፣ ሲሻር ሊቆጨው የሚገባው ያልበላ ሹም ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚቀር ሥራ ያልተከለ ሹም ነው እላለሁ።