የበዓል በግና ያልጠየቅሁት ጥያቄ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመስከረም መገናኛ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ በተደረገው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ በዓል ተናገሪ፣ ቀለል ያለ ነገር ይሁን፣ ሰው ምሳ በልቶ ነው የሚያዳምጥሽ» ብለውኛል። ቀለል ለማድረግ እሞክራለሁ። መሐሉ ላይ ትንሽ ከከበደ ግን ይቅር በሉኝ።

ወደዚህ ስመጣ መስቀል አደባባይ ላይ ቆም ብዬ ነበር። መስከረም 16 ደመራው እዚያ ይቆማል። አደባባዩ ከእኛ ተማሪነት ወዲህ ታድሷል፤ መኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ገብቷል። ቅዱስ እስጢፋኖስ እዚያው ነው፣ ኤግዚቢሽን ማዕከሉም እዚያው ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የስንቶቻችን ደረት ተነፋ! እኛ ግን የስንት ዓመት ደመራ አየን? ብዙዎቻችን ተረኛ ነበርን። መስኮት ላይ ተደርድረን ጭሱን ስንፈልግ ነርሷ መጥታ «ዶክተር፣ አልጋ ሰባት» ትላለች፤ በዓሉ በዚያው ያልቃል።

የእኔ በዓል ያደገው ግን እዚህ አይደለም። መሐል ሜዳ ነው፤ መንዝ። በደብረ ብርሃን በኩል ወጥታችሁ ጣርማ በር ላይ ስትታጠፉ ያለው አገር ማለት ነው። ብርድ ነው። ገብስና በግ እንጂ ሌላው ነገር ሁሉ በልመና ነው የሚበቅለው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ባና ይሆናል፣ ቆዳው አጎዛ ይሆናል፣ ሥጋው በዓል ይሆናል።

በቤታችን እንቁጣጣሽ የሚጀምረው በጉ ከገበያ የመጣ ዕለት ነበር። እኛ ልጆቹ ሣር እናጭድለታለን፣ አጥሚት የተረፈው ሲገኝ በድብቅ እናቀምሰዋለን። እማዬ «ስም እንዳታወጡለት፣ ኋላ ታለቅሳላችሁ» ትለናለች። እኛ ግን በሹክሹክታ እናወጣለታለን። ያለቀስን ዕለት ደግሞ የመጀመሪያውን የጉበት ጥብስ ለመቅመስ የምንሻማው እኛው ነን። ፊኛው ተነፍቶ ኳስ ይሆንልናል። ላሟና ጥጃዋ፣ ዶሮዎቹ፣ ድመቷ፣ ሁሉም እዚያው ግቢ ናቸው። የመስቀል ዕለት አባዬ የደመራውን አመድ በግንባራችን ላይ በመስቀል ምልክት ከቀባን በኋላ ወደ ላሟ ዞሮ እሷንም ይቀባታል። ማንም አይስቅም፤ እሷም የቤቱ ሰው ናት።

ውሻችን ቡቺ ይባላል። በዓል ለውሻም በዓል ነው። በጉ ሲገፈፍ እማዬ ሆድ ዕቃውን ታያለች፤ ጉበቱ ወይም ሳምባው ላይ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየች «ይሄ አይረባም» ብላ ቆርጣ ለቡቺ ትወረውርለታለች። ቡቺ መሬት ሳይነካ በአፉ ይቀልበዋል፤ እኛ እናጨበጭባለን።

አሁን አዳራሹ ውስጥ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ገብቷችኋል። እኔ ግን ይህን ለመረዳት ስድስት ዓመት ሕክምና ተምሬ፣ አምስት ዓመት ሠርቼ፣ ገና አልገባኝም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን መምህር ነበር። ስልክ ይደውላል፤ «እታለም፣ ቀኝ ጎኔን ይከብደኛል፤ ስበላ ይብስብኛል» ይለኛል። እኔ በኮሪደር እየሮጥሁ «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንስ፣ ኦሜፕራዞል ግዛ» እለዋለሁ። መድኃኒቱ ሲያልቅ እንደገና ይደውላል፤ እኔም ያንኑ እደግማለሁ። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄድን። የማላውቀው ሰው በዚያ ሕመም ቢመጣብኝ አልጋ ላይ አስተኝቼ ሆዱን እዳስስ ነበር። ወንድሜን ግን በስልክ አከምሁት። የእናቱ ልጅ ሐኪም ስለሆነች ሌላ ሐኪም ዘንድ አልሄደም።

አንድ እንቁጣጣሽ ፈቃድ አግኝቼ ወጣሁ። ወንድሜን ሳቅፈው ቀኝ ጎኑን ሸሸት አደረገ። «እስቲ ና» ብዬ መደቡ ላይ አስተኛሁት። ከጎድን አጥንቱ ሥር እጄ አንድ ነገር ነካ። ለስላሳ፣ ክብ፣ የጡጫ ያህል። በተከፈተው በር በኩል አባዬ በረንዳው ምሰሶ ላይ የሰቀለውን በግ ሲበልት ይታየኛል። እማዬ ጉበቱን ተቀበለች፣ አገላበጠችው፣ ነጩን ቋጠሮ ቆረጠችና ወረወረች። ቡቺም ቀለበው።

ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አየሁ፤ እጄ ሥር ያለውንና ውሻው አፍ ውስጥ የገባውን። ለፈተና የሸመደድኩት ገጽ ዓይኔ ፊት ተዘረጋ። ሃይዳቲድ። ለመምህራችን ጥያቄ «ውሻ፣ በግ፣ ሰው» ብዬ መልሼ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት በሽታ።

እዚህ የሌላ ሙያ ምሩቃንና ቤተሰቦችም ስላላችሁ ባጭሩ ልናገር። የበጉ ጉበት ላይ ያለው የውሃ ከረጢት በውስጡ የትል ሽሎች አሉበት። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርዝመት ያላቸው ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አያመውም፣ አይከሳም። የትሎቹ እንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ሣሩ ላይ፣ ጸጉሩ ላይ፣ ውሻውን ሲዳብስ በዋለ ልጅ እጅ ላይ ይቀራል። በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ ልጁም ከዳቦው ጋር ይውጠዋል። ከዚያ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ በጉበት፣ አንዳንዴም በሳምባ ውስጥ፣ ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰው ይህን በሽታ የሚያገኘው የታመመውን ጉበት በመብላት አይደለም። ያ የኮሶ ትል ታሪክ ነው፤ እሱ ከጥሬ የበሬ ሥጋ በቀጥታ ይመጣል። ይኼኛው በውሻው በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። እናቴ ቋጠሮውን ቆርጣ ስትጥል እኛን ከበሽታ የጠበቀች ይመስላት ነበር። ጉዳቱ ግን የነበረው አወራወሯ ላይ ነው።

ወንድሜን አዲስ አበባ አመጣሁት። አልትራሳውንዱ አንድ ትልቅ ከረጢት፣ በውስጡም ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች አሳየ። አልቤንዳዞል ተጀመረለት፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና። ከረጢቱ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆድ ውስጥ ቢፈስ ገዳይ የሆነ አለርጂ ሊያስነሳ፣ ዘሩም ሊበተን እንደሚችል ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ሁሉ በልቤ ስቆጥር እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ያ የምወረውረው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «አዎ» አልኋት። ከዚያ «ሁለት ዓመት ጨጓራ ነው ያልሁት ግን እኔ ነኝ» አልሁ። ሁለታችንም ዝም አልን። ብዙ ሰዓት ነው የጠበቅነው።

ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ «ሳይፈስ ወጥቷል» አለን። ያን ቃል ከምርቃቴ ቀን ጭብጨባ በላይ አስታውሰዋለሁ።

አገር ቤት ስንመለስ አባዬ ገመድ ይዞ ቆሟል። ቡቺን ሊያስወግደው ነው። «አባዬ፣ እሱ ምን አጠፋ? የሰጠነውን ነው የበላ» አልሁት። ወንድሜ በበኩሉ ከመኪና እንደወረደ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቡቺ ነበር። አባዬ ገመዱን ጥሎ ዶማ አነሳ። ጓሮ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ለክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይም አንከባሎ አመጣ። «ከእንግዲህ የማይረባው ሁሉ እዚህ ነው የሚገባው» አለ። በቃ። ከአንድ ገበሬ ጋር ለመግባባት ስላይድ አላስፈለገኝም።

ይህን የሠራን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። አይስላንድ እንደ መንዝ የብርድና የበግ አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ በሽታ በብርቱ ካጠቃቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃራልድ ክራበ የተባለ ዴንማርካዊ የእንስሳት ሐኪም ሄዶ አጠናው፤ ስለ በሽታው የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍም በሕዝቡ ቋንቋ ታትሞ ለየቤቱ ታደለ። ያን ጊዜ አልትራሳውንድ የለም፣ አልቤንዳዞል የለም። ሰዎቹ አነበቡ፣ የበጉን ሆድ ዕቃ ከውሻ ማራቅ ጀመሩ፣ የውሻ ሕግ ወጣ። በጋቸውንም በዓላቸውንም አልተዉም። በሽታው ግን ከአገራቸው ጠፋ።

«ይህ የገጠር ጉዳይ ነው» የሚል ካለ በበዓል ማግሥት ይህንኑ ኪርቆስን በእግሩ ይዙር። ካዛንቺስ ተከራይቼ በኖርሁበት ጊዜ የቅርጫው በሬ ግቢያችን ውስጥ ይታረድ ነበር፤ መደቡ በዕጣ ይደርሰናል፣ ሳቁና ጨዋታው አይጠገብም። ማታ ግን የተጣለውን ሆድ ዕቃ የመንገድ ውሾች እየጎተቱ በልጆች መጫወቻ በኩል ሲያልፉ በመስኮት አያለሁ። ቄራ የሚታረደው ተመርማሪ አለው። በየግቢው ለሚታረደው ግን ተመርማሪው እኛው ነን።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። መጀመሪያው ለመምህሮቻችን ነው። ተማሪዎቹ የበሽተኛ ታሪክ ሲወስዱ ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ይጠይቃሉ፤ «ቤት ውስጥ ምን ከብት አለ? ውሻ አለ? በበዓል ማን ያርዳል? የማይረባው የት ይጣላል?» የሚለውንም ይጠይቁ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፤ ተማሪዎቻችንን ከእነሱ ጋር ቄራ አንድ ቀን ብናውላቸው እኔ ከሸመደድሁት ይበልጥ ያያሉ።

ሁለተኛው ለእኛ ለምሩቃኑ ነው። ለገና፣ ለፋሲካ ወደየአገራችሁ ስትወጡ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ልጅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሻው ከበዓሉ ይካፈል ካላችሁ ግማሽ ሰዓት አፍልታችሁ ስጡት። የትል መድኃኒቱንም፣ ፕራዚኳንቴል፣ ከእንስሳት ሐኪም ጠይቃችሁ በየጊዜው ስጡት። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ይብሉ። ደግሞ ወንድማችሁ «ጎኔን» ብሎ ሲደውል በስልክ አታክሙት። አስተኝታችሁ ዳስሱት፤ ሩቅ ከሆነም ወደሚዳስሰው ሐኪም ላኩት።

የዘንድሮን እንቁጣጣሽ መሐል ሜዳ ነው የዋልሁት። ቡቺ ካለፈ ቆየ፤ ስሙን የወረሰ ሌላ ቡቺ አለ። ጉድጓዱን የቆፈረው ወንድሜ ነው፤ ድንጋዩን አባዬ ዛሬም ለማንም አያስነካም። የወንድሜ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አገልግሎቷ በጉ እስኪበለት ቡቺን አስሮ መጠበቅ ነው። በጉ ሲታረድ አለቀሰች። ስም አውጥታለት ነበር።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንላችሁ።