የስፖርት መኪና ተሳቢ ይጎትታል?

አቅራቢ 1፦ በብሪታንያ የስፖርት መኪና ተሳቢ መጎተት መቻሉን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን፣ በበሩ ጠርዝ ወይም ከኮፈኑ ስር የሚገኘው፣ የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው መኪናውና ተሳቢው በአንድነት ሊኖራቸው የሚፈቀደውን ክብደት ያሳያል። የዚህ ክብደት ቁጥር ከሌለ ወይም ዜሮ ከሆነ መጎተት አይገባም።

አቅራቢ 2፦ ቢፈቀድም፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ወይም ከመኪናው ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። 1000 ኪሎ ለሚመዝን ቀላል መኪና ጣሪያው 500 ኪሎ ነው።

አቅራቢ 1፦ ከባዱ አደጋ የጭነት አቀማመጥ ነው። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ጭራ ካደላ ጋንቾውን ወደ ላይ ያነሳል፤ የመኪናው የኋላ ጎማዎች መሬት መያዝ ያቅታቸዋል፣ ተሳቢውም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ያኔ እግርን ከነዳጅ ቀስ አድርጎ ማንሳት እንጂ ፍሬን በድንገት መርገጥ አይበጅም።

አቅራቢ 2፦ ዳገት ላይ ከነተሳቢው መነሳት ደግሞ ፍሪሲዮን ይበላል።