ገዳዩ ማን ነው?



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ስለ ወጣው «ስክሪም» ስለ ተባለው ፊልም ጥቂት ልናገር ነው። መጨረሻውን መግለጤ አይቀርምና ያላያችሁት ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኬቪን ዊልያምሰን የጻፈው፣ ዌስ ክሬቨን ያዘጋጀው ይህ ፊልም ጭምብል ያጠለቀ ነፍሰ ገዳይ በአንዲት የካሊፎርኒያ ከተማ ተማሪዎችን በስልክ እያስፈራራ ሲፈጅ ያሳያል። ስመ ጥሯ ድሩ ባሪሞር ገና በመክፈቻው መገደሏን እንለፈው፤ ሁሉም የሚያወራው እርሱን ነው። እኔን የገረመኝ የቢሊ ነገር ነው። ቢሊ የሲድኒ ወዳጅ ሲሆን ተጠርጥሮ ይታሰራል። እርሱ ታስሮ ሳለ ግን ገዳዩ ለሲድኒ ይደውላል። ፖሊስ ለቀቀው፤ እኛም ተመልካቾቹ በልባችን ለቀቅነው። ለካስ ገዳዮቹ ሁለት ኖረዋል! ባልንጀራው ስቱ ውጭ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ደራሲው አታለለን» ትላላችሁ። እኔ አልስማማም። «ገዳዩ» ብለን በነጠላ ቁጥር የጠየቅን እኛው ነን። ደግሞስ ራንዲ የተባለው ፊልም ወዳድ ልጅ በቪዲዮ መደብሩ ውስጥ ቢሊን በግልጽ ሲጠረጥርና «ሁሉም ተጠርጣሪ ነው» ብሎ ሲጮህ አልሰማንምን? ቢሊና ስቱ አጠገቡ ቆመው ነበር። እኛ ግን በልጁ ሳቅንበት።